ቀለሃ ልሙላ ወይስ የፋብሪካ ጥይት ልግዛ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። አደን የለመድኩት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ነው። አሁን የራሴ 308 ዊንቸስተር ጠመንጃ አለኝ። አጋዘንና ኤልክ (ትልቁን የአጋዘን ዘር) ነው የማድነው። በዓመት ብተኩስ ብተኩስ ሁለት ካርቶን፣ ማለትም 40 ጥይት ቢሆን ነው። ባልደረባዬ ግን "የፋብሪካ ጥይት መግዛት ገንዘብ መበተን ነው፣ እኔ ጋራዤ ውስጥ ቀለሃ እየሞላሁ በግማሽ ዋጋ እገላገላለሁ፣ ደግሞ በእጅ የተሞላ ጥይት ከፋብሪካው የበለጠ ዒላማ ይመታል" እያለ ወጥሮ ይዞኛል። ባለቤቴ ደግሞ ባሩድ እዚህ ቤት አይገባም ብላለች። የምንኖረው አፓርታማ ነው፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ለአሁኑ ይቅርብህ ወንድሜ። የፋብሪካውን ግዛ።

ይህን የምልህ ቀለሃ መሙላት ስለማልወድ አይደለም። እኔም እሞላለሁ፣ በጣም የምወደው ሥራ ነው። ግን አንተ በጻፍክልኝ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው ጥቅሙ አይታየኝም። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ ልንገርህ።

መጀመሪያ ነገሩ አዲስ ለሆነባቸው አንባቢዎች። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። ከናስ የተሠራው ቀለሃ አለ። ከቀለሃው ቂጥ ላይ የምትሰካ ፕራይመር አለች፣ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት እሳት የምትተፋው እሷ ናት። ውስጡ ባሩድ አለ። አፉ ላይ ደግሞ አረሩ ተሰክቷል፣ ሄዶ እንስሳውን የሚመታው። ሲተኮስ ሦስቱ ያልቃሉ፣ ቀለሃው ይቀራል። ቀለሃ መሙላት ማለት ያን የቀረውን ለቅሞ፣ አጽድቶ፣ በፕሬስ ተጭኖ ወደ ልኩ መልሶ፣ ከዚያ አዲስ ፕራይመር፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር ማስገባት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለራስህ ብቻ እስከሞላህ ድረስ የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልግህም። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ገንዘቡ። ባልደረባህ በግማሽ ዋጋ ያለው ከእውነት የራቀ አይደለም። ደህና የአደን 308 ጥይት ዛሬ 20ው ከ35 እስከ 50 ዶላር ይሸጣል፣ እንግዲህ አንዱ ሁለት ዶላር አካባቢ ነው በለው። በእጅ ሲሞላስ? ፕራይመሯ 8 ወይም 10 ሳንቲም ናት። ባሩድ አንድ ፓውንድ 50 ዶላር ገደማ ነው፣ አንድ ፓውንድ ደግሞ 7,000 ግሬን ስለሆነ ለአንድ የ308 ቀለሃ 40 ምናምን ግሬን ሲገባበት ከ150 በላይ ጥይት ይሞላል፣ ስለዚህ የአንዱ ባሩድ 30 ሳንቲም ቢደርስ ነው። አረሩ 50 ሳንቲም ይሁን፣ ጥሩ የመዳብ ከሆነ አንድ ዶላር። ቀለሃው ያው የራስህ ነው። ድምሩ ከ90 ሳንቲም እስከ አንድ ዶላር ተኩል ይሆናል። ከአንድ ጥይት አንድ ዶላር አተረፍክ እንበል።

አንተ ግን የምትተኩሰው 40 ነው። ትርፍህ በዓመት 40 ዶላር መሆኑ ነው! ፕሬሱ፣ ዳዮቹ (ፕሬሱ ላይ የሚገጠሙት፣ ቀለሃውን ወደ ልኩ የሚመልሱት)፣ ሚዛኑ፣ ርዝመት መለኪያው ካሊፐር፣ ቀለሃ መቁረጫው፣ ማጽጃው፣ የአሠራር መጽሐፉ ተደምሮ ደህና መነሻ ዕቃ 400 ዶላር አካባቢ ይጠይቃል። የተከፈለውን ለመመለስ ብቻ አሥር ዓመት ሊፈጅብህ ነው። ባሩድና ፕራይመር በፖስታ ካዘዝክ ደግሞ በአደገኛ ዕቃነት ተጨማሪ ክፍያ ይጫንብሃል፣ ትንሽ ለሚገዛ ሰው እሱ ብቻውን ትርፉን ይበላዋል። በዓመት 500 ጥይት የሚተኩስ ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው፣ እሱ በአንድ ዓመት ወጪውን ይመልሳል። ደግሞ የማውቃቸው ቀለሃ የሚሞሉ ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ወጪያቸው አልቀነሰም፣ የሚተኩሱት ነው የበዛው። ያ ደግሞ ለልምምድ መልካም ነው፣ ግን ቁጠባ ብለህ ለባለቤትህ እንዳታቀርበው።

ይገባኛል፣ ባዶ ቀለሃ ሲጣል ማየት ለእኛ ሰው ያንገበግባል። ጥይት በአገራችን ሁሌም ውድ ነገር ነበር፣ በምኒልክ ዘመን እኮ በገበያ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ቀለሃህን አትጣል። ሰብስበህ በካርቶኑ አስቀምጥ፣ አንድ ቀን ብትጀምር ይጠቅምሃል፣ ካልጀመርክ ለሚሞላ ሰው ትሰጠዋለህ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ በእጅ የተሞላ የበለጠ ይመታል ስለሚባለው። ይህ አንድ ዘመን ላይ በጣም እውነት ነበር። ታሪኩ ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ኖስለር የሚባል አሜሪካዊ አዳኝ ካናዳ ሄዶ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘር ሲያድን፣ የዚያን ጊዜዎቹ አረሮች ወፍራሙ ቆዳና ጡንቻ ላይ ሲደርሱ እየተበተኑ ወደ ውስጥ አልዘልቅ አሉት። ተመልሶ መሀሉ ላይ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ፣ የፊቱ ክፍል ሲከፈት የኋላው ሳይበተን እንዲዘልቅ። ፓርቲሽን የሚባለው አረር ይህ ነው፣ ኩባንያው በ1948 ተቋቋመ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ጥሩ አረር የፈለገ ሰው ለብዙ ዓመታት አረሩን ለብቻው ገዝቶ ራሱ መሙላት ነበረበት፣ የፋብሪካ ካርቶን ውስጥ አይገኝማ። ቀለሃ የሚሞላ አዳኝ ከሌላው የተሻለ ጥይት ነበረው ሲባል እውነታቸውን ነው።

ዛሬ ያ ልዩነት የለም። ፓርቲሽኑም፣ ሙሉ መዳብ የሆነውም፣ ከሽፋኑ ጋር የተጣበቀውም አረር ተሞልቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦልሃል። ፋብሪካዎቹ የግፊት ልክ አላቸው፤ አሜሪካ ውስጥ ልኩን የሚያወጣው ሳሚ የሚባለው በ1926 የተቋቋመ የአምራቾች ማኅበር ነው፣ ለ308 ያስቀመጠው ጣሪያ 62,000 ፒኤስአይ ነው፣ በአንድ ካሬ ኢንች ላይ 62,000 ፓውንድ ማለት ነው። አስበው፣ ይህ ሁሉ ግፊት ከጉንጭህ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ነው የሚፈነዳው።

በእጅ መሙላት ዛሬም የሚበልጥበት ቦታ አለ። ጥይቱን ለአንተ ጠመንጃ ብቻ መለካት ትችላለህ፣ አረሩ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ፣ ባሩዱ ስንት ግሬን ሲሆን ዒላማው ላይ ቀዳዳዎቹ እንደሚቀራረቡ እየሞከርክ ታገኘዋለህ። ለሩቅ ዒላማ ተኳሽ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለአንተስ? የኤልክ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከትልቅ ሰሃን ይሰፋል። ጠመንጃህ በፋብሪካ ጥይት 100 ያርድ ላይ ሦስቱን በአንድ ኢንች ተኩል ውስጥ ካስቀመጠ፣ በእጅ ሞልተህ ወደ ሦስት ሩብ ኢንች ብታወርደው ጫካ ውስጥ ልዩነቱ አይታይህም። እዚያ የሚያስተህ ትንፋሽህ ነው። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ዳገት ወጥተህ፣ ልብህ እየደለቀ፣ ጓንት አድርገህ፣ ጉቶ ላይ ተደግፈህ ነው የምትተኩሰው።

ስለዚህ ያን 400 ዶላር እኔን ብትሰማኝ እንዲህ አድርገው። ከሁለት ሦስት ፋብሪካ የተለያየ የአደን ጥይት አንዳንድ ካርቶን ግዛ። ተኩስ መለማመጃ ሄደህ ጠመንጃህ የትኛውን እንደሚወድ እይ፣ ሁሉም ጠመንጃ የሚወደው ጥይት አለው። የወደደውን ስታገኝ እዚያው አምስት ስድስት ካርቶን ጨምር፣ የሚቻል ከሆነ ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ተመሳሳይ ይሁን። ሌላ ጊዜ ትንሽ ስታጠራቅም ደግሞ አንዲት 22 (ትንሽና ርካሽ ጥይት የምትተኩስ) ጠመንጃና አንድ ሺህ ጥይት ግዛና ተንበርክከህ፣ ተቀምጠህ፣ ዛፍ ተደግፈህ ተለማመድ። የ22 ጥይት አንዱ አሥር ሳንቲም ገደማ ነው። በጋውን ሙሉ ብትተኩስ ኪስህን አይጎዳም፣ የምትማረው ግን ኤልኩ ፊትህ ሲቆም የሚያስፈልግህን ነው።

ኮሎራዶ ስለሆንክ ሕጉንም አስታውስ። ለትልልቅ እንስሳት ካሊበሩ (የአረሩ ውፍረት ማለት ነው) ከ24፣ ማለትም ከ0.24 ኢንች፣ ማነስ የለበትም፣ አረሩ ለአጋዘን ቢያንስ 70 ግሬን፣ ለኤልክ ቢያንስ 85 ግሬን መሆን አለበት፣ ሲመታም የሚከፈት ዓይነት። 100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበትም ይጠየቃል። የ308 የአደን ጥይት ይህን ሁሉ በሰፊው ያልፋል፣ ግን ርካሽ ነው ብለህ ሙሉ ሽፋን ያለውን የወታደር ዓይነት ጥይት ይዘህ እንዳትወጣ። እሱ ለዒላማ ነው። ለአደን የተከለከለ ነው፣ እንስሳውንም ሳይገድል እያቆሰለ ይሰድዳል።

አሁን ወደ ባለቤትህ ቃል ልምጣ። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። የዛሬ ጢስ አልባ ባሩድ ከተጠነቀቁለት በቤት የሚቀመጥ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው በሰላም ያስቀምጠዋል። ጥንቃቄው ግን ቦታ ይፈልጋል። ባሩድ ሁሌም በመጣበት ዕቃ ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ፣ ከውሃ ማሞቂያና ከማንኛውም እሳት ርቆ ይቀመጣል። ለደኅንነት ብለህ አየር በማያስወጣ ከባድ ብረት ሳጥን ውስጥ ብትቆልፍበት ነገሩን ታባብሰዋለህ፣ እሳት ቢነሳ ግፊቱ መውጫ ያጣል። ፕራይመር ደግሞ የምታብረቀርቅ ትንሽ ነገር ናት፣ ልጅ አፉ ውስጥ ሊከታት ወይም በድንጋይ ሊቀጠቅጣት ይችላል። ሌላም ሰው የማያስበው ነገር አለ። ፕራይመር ውስጥ እርሳስ አለ። የተተኮሰ ቀለሃ ስታጸዳ የሚነሳው ብናኝ እርሳስ አለበት። ምንጣፍ ላይ፣ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ልጆች በሚድሁበት ቤት ውስጥ ይህን መሥራት የለብህም። የአፓርታማው ውልና የቤት ኢንሹራንሱ የሚሉትን ማንበብም አለብህ።

ለልጆቹ ሲባል ብቻ እንኳን ይበቃል። ግን አንድ ቀን ቤት ከገዛህ፣ የሚቆለፍ ክፍል ወይም ጋራዥ ካገኘህ፣ የምትተኩሰውም በዓመት ጥቂት መቶ ከደረሰ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝም ብሎ ተቀምጦ አንዱን ሥራ ደጋግሞ መሥራት የሚያስደስትህ ሰው ከሆንክ፣ ግባበት። በጣም ደስ ይላል። ራስህ በሞላኸው ጥይት አጋዘን ስትጥል የሚሰማህን ስሜት ለማንም መከልከል አልፈልግም። የሚቸኩል ሰው ግን እንዳይነካው። ስልክ እያወራ፣ ኳስ እያየ፣ ቢራ ይዞ ቀለሃ የሚሞላ ሰው አጠገብ አልቆምም።

ከጀመርክ፣ መለኪያውን ከባሩዱ ወይም ከአረሩ አምራች መጽሐፍ ብቻ ውሰድ። ጓደኛህ የነገረህን፣ ኢንተርኔት ላይ አንዱ የጻፈውን ቁጥር አትጠቀም። ከዝቅተኛው ጀምረህ ቀስ እያልክ ውጣ፣ ከጣሪያው አትለፍ። ጠረጴዛህ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይኑር፤ ፈጥኖ የሚነድ የሽጉጥ ባሩድ በስህተት የጠመንጃ ቀለሃ ውስጥ ከገባ ጠመንጃው እጅህ ላይ ይፈነዳል። አረር ከመሰካትህ በፊት ቀለሃዎቹን ደርድረህ በባትሪ ከላይ እያቸው፣ ባዶ የቀረ ወይም ከሌሎቹ ከፍ ብሎ የሞላ ካለ ወዲያው ይታይሃል። ቀለሃም ዕድሜ አለው፣ አንገቱ ይሰነጠቃል፣ ወደ ቂጡ አካባቢ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካየህ ሊበጠስ ደርሷልና ጣለው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ለባልደረባህ። የጥይት እጥረት ሲመጣ ራስን ያድናል የሚል ክርክርም ያነሳል ብዬ እገምታለሁ። በ2020 እና በ2021 ሱቆቹ ሲራቆቱ ፕራይመርም አብራ ጠፍታ ነበር። ያኔ ያልተቸገረው ቀድሞ ያከማቸ ሰው ነው፣ የፋብሪካ ጥይትም ይሁን ፕራይመር። አምስት ስድስት ካርቶን ጨምር ያልኩህም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከሚኒያፖሊስ ነው። አንድ ወዳጄ በፕላስቲክ ከረጢት 60 የሚሆን ራሱ የሞላው የ30-06 ጥይት ሰጠኝ፣ ገንዘብ አልተቀበለኝም። ጎበዝ ሰው ነው፣ ለዓመታት ሞልቷል። ልተኩሰው?

መልስ፦ አትተኩሰው።

ወዳጅህ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ግን የሞላው ለእሱ ጠመንጃ ነው። በእሱ ጠመንጃ ውስጥ ደህና የሆነ ግፊት በአንተ ውስጥ ከልክ ሊያልፍ ይችላል፣ በእሱ በቀላሉ የሚገባው ቀለሃ በአንተ ላይቆለፍ ይችላል። ከረጢት ውስጥ ነው ያልከኝ፣ እንግዲህ የትኛው ባሩድ፣ ስንት ግሬን፣ መቼ ተሞላ የሚል ጽሑፍ የለውም ማለት ነው። ራሳቸው የጠመንጃ አምራቾቹ በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ በእጅ በተሞላ ጥይት ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ አይደለንም ብለው ይጽፋሉ። ስጦታውን በክብር መልስለት፣ ቀለሃ የሚሞላ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፣ አይቀየምም። ደግሞ ወዳጅህ ለሽያጭ መሙላት ከጀመረ የፌዴራል የጥይት አምራች ፈቃድ ያስፈልገዋልና ይህንንም በጨዋ ደንብ ንገረው።

ይህን ጥያቄ በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሉኝታ ይዞት ይተኩሳል። ተኩሰህ ከሆነ ወይም ወደፊት በማንኛውም ጥይት የሚከተለው ቢገጥምህ፦ ቃታ ስበህ ከወትሮው ያነሰ "ጱፍ" የሚል ድምፅ ከሰማህ፣ ወዲያው አቁም። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረግክ ቆይ፣ ከዚያ ጥይቱን አውጣና ቱቦውን ከኋላ በኩል ብርሃን አሳይተህ እይ። ባሩዱ ስላነሰ አረሩ መሀል ቱቦ ላይ ቀርቶ ይሆናል። በላዩ ላይ ሌላ ከተኮስክበት ቱቦው ይፈነዳል። የተቸከለ አረር ካየህ በጉልበት ለማስወጣት አትሞክር፣ ጠመንጃ ሠሪ ጋ ውሰደው።

የምትኖረው ደግሞ ፌዴራል የሚባለው ኩባንያ የጥይት ፋብሪካ ካለባት ከአኖካ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው። የ30-06 ጥይት እዚያ አካባቢ ለማግኘት አትቸገርም፣ ከ1906 ጀምሮ ያለ ካሊበር ስለሆነ የትኛውም ሱቅ አያጣውም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አዳኝ ነው። የአጋዘን ሥጋ ለጥብስም ለክትፎም ጥሩ ነው ይላል። እኔ ግን ከጥይቱ የሚቀር እርሳስ አለ ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። አሁን ነፍሰ ጡር ነኝ። እውነት ነው? ከሲያትል።

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፣ ፍርሃትሽም ልክ ነው።

የእርሳስ አረር እንስሳ ውስጥ ሲከፈት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቁርጥራጮች ይበትናል። እነሱም ከቁስሉ ራቅ ብለው ሥጋው ውስጥ ይገባሉ። በ2008 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ አዳኞች ለችግረኞች የለገሱት የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ እርሳስ ተገኝቶ፣ የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት የምግብ ዕርዳታ ማዕከላቱ እንዳያድሉት መክሮ ነበር። አዋቂ ሰው ላይ በአንድ ሰሃን ጥብስ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል። ለሕፃንና ለፅንስ ግን ችግር የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ባለቤትሽ ሙሉ መዳብ የሆነ አረር ይጠቀም። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለማንኛውም የዱር እንስሳ አደን ከእርሳስ ነጻ ጥይት ግዴታ አድርጋለች፣ ስለዚህ በየካሊበሩ የፋብሪካ ጥይት ተሠርቶ ይሸጣል። ዋጋው ወደድ ይላል። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል ለተመሳሳይ ክብደት አረሩ ይረዝማል፣ እያንዳንዱ ጠመንጃም እኩል አይወደውም፤ ከወቅቱ በፊት ዒላማ ላይ ይሞክረው። እስከዚያ በእርሳስ የተመታውን ሲበልት ከቁስሉ ዙሪያ በሰፊው ቆርጦ ይጣል፣ ያን አካባቢ ፈጭቶ ማስገባት የለበትም። አንቺ ግን እስክትገላገዪ በእርሳስ አረር ከተመታ እንስሳ ባትበዪ እመርጣለሁ።

ክትፎውን በተመለከተ፣ አሁን በፍጹም። የዱር አጋዘን ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሕዋስ ሊኖረው ይችላል፣ ለፅንስ አደገኛ ነው። የተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይብሰል፣ ለብለብ አይበቃም። ለባለቤትሽም ቢሆን የአደን ሥጋ ጥሬውን እንዲበላ አልመክርም። ጥብሱ በደንብ ከበሰለ፣ በንጹሕ ቅቤና በሮዝመሪ፣ ከበሬ ሥጋ የማያንስ ነው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነኝ። አማቴ አሜሪካዊ ናቸው፣ ሲያረጁ የድሮ ሳቬጅ 99 ጠመንጃቸውን አወረሱኝ። ካሊበሩ 300 ሳቬጅ ነው። ጥይቱን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ፣ ሲገኝም በጣም ውድ ነው። ልሽጠው?

መልስ፦ እባክህ እንዳትሸጠው! አማትህ ሰጥተውህማ።

ለአውሮራው ወንድማችን ይቅርብህ ያልኩትን ለአንተ ግባበት እላለሁ። 300 ሳቬጅ በ1920 የወጣ ካሊበር ነው፣ ለቨርጂኒያ አጋዘን ዛሬም ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ፋብሪካዎቹ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚያመርቱት። አንዴ ሱቅ የገባው ካለቀ ቶሎ አይተካም። ቀለሃ መሙላት በጣም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አረሩ ከ308 እና ከ30-06 ጋር አንድ ዓይነት ውፍረት ስላለው የትም ይገኛል፣ ባሩዱም ፕራይመሩም የተለመደው ነው። የሚቸግርህ ቀለሃው ብቻ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የፋብሪካውን ባገኘህበት ግዛ፣ ውድም ቢሆን ሁለት ሦስት ካርቶን። ተኩሰህ ቀለሃውን አንድም ሳትጥል ሰብስብ። 60 ቀለሃ ካለህ ለአደን ብቻ ለምትተኩስ ሰው ለብዙ ዓመት ይበቃሃል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ከመጀመርህ በፊት ጠመንጃውን ጠመንጃ ሠሪ ይመርምረው፣ ዕድሜው የገፋ ስለሆነ ቀለሃው የሚቀመጥበት ክፍል ልኩን ጠብቆ እንደሆነ በመለኪያ ያየዋል። ሁለተኛ፣ የ300 ሳቬጅ ቀለሃ አንገቱ አጭር ስለሆነ አረሩን ከልክ በላይ ወደ ውጭ አስረዝመህ አትስካ፣ በመጽሐፉ ያለውን ርዝመት ጠብቅ። አማትህ በሕይወት ካሉ የድሮ መሙያ ዕቃ ካላቸውም ጠይቃቸው፣ በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ብዙ አዳኞች ጋራዥ ውስጥ ፕሬስ አላቸው። አሮጌ ባሩድ ቢሰጡህ ግን አትጠቀምበት። ዳዩና ፕሬሱ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ። ወንድሜ ለበዓል ከአሜሪካ ሲመጣ ለክላሼ፣ ፈቃድ ያለው ነው፣ ቀለሃ መሙያና ፕራይመር ይዞልኝ ቢመጣስ?

መልስ፦ እንዳታስመጣ፣ ወንድምህን ችግር ውስጥ ትከተዋለህ። ባሩድና ፕራይመር አሜሪካ ላይ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አውሮፕላን ላይ መጫን ክልክል ነው፣ ገና ከመነሻው ይያዛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ጠመንጃህ ፈቃድ አለው ማለት ጥይት የማምረት ፈቃድ አለህ ማለት አይደለም፣ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራትም ሆነ ከውጭ ማስገባት ያስከስሳል። በዚያ ላይ የክላሽ ጥይት ብዙው ቀለሃው ብረት ነው፣ የፕራይመሯ አቀማመጥም በተለመደው የአሜሪካ መሣሪያ የማይወጣ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ ዕቃው ቢደርስልህም አይሠራልህም። ለአደንም ቢሆን አገር ቤት የሚታደነው በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ብቻ ነው። ወንድምህን ሌላ ነገር ያምጣልህ፣ ጥሩ ባይኖኩላር ለምሳሌ፣ እሱንም ቢሆን ጉምሩክ እንዴት እንደሚያየው ከመምጣቱ በፊት ጠይቁ።